እኔና ሃምሳ አለቃው

ሰው በሃያ ዓመቱ የሳቀበትን ነገር ሃምሳ ሲሞላው ተመልሶ ባያይ ይሻለዋል። ይህን የምለው ተመልሼ ስላየሁ ነው። የድሮ ፎቶ ብታዩ ቢበዛ ለፀጉራችሁ ታዝናላችሁ፤ የድሮ ደብዳቤ ብታገኙ ቢበዛ አፍራችሁ ትቀዳድዱታላችሁ። የድሮ ሳቅ ግን አይምርም። ያኔ በማን ላይ ትስቁ እንደነበረና ዛሬ ያ ሰው ማን ሆኖ እንደተገኘ ቁጭ አድርጎ ያሳያችኋል። ለብቻ ቢሆን እንኳን ደግ፤ እኔን ያጋጠመኝ ስምንት ሰልጣኞች ግራና ቀኝ ከበውኝ በተቀመጡበት ነው።

አስቀድሜ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ዘይነባ ነው፤ ነርስ ነኝ። ጋምቤላ ውስጥ ነርስ ከሆናችሁ ስማችሁ ቀስ በቀስ ይረሳና "ሲስተር" ሆናችሁ ትቀራላችሁ፤ አባቴ እንኳን አንዳንዴ ይሳሳታል። አባቴን በድርቁ ጊዜ ከወሎ አምጥተው አቦቦ መስመር ሲያሰፍሩት እኔ ገና የወተት ጥርሴን ያልጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። እሱ ዛሬም በቆሎውን ይዘራል፤ እኔ ደግሞ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር እየኖርኩ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ስለ ጠባዬ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከኔው ስሙት። ሰዎች "ሲስተር ልቧ ጥሩ ነው" ይሉኛል። የሰው ልብ የሚነሳው አፉ ሲያስቸግር መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከተማው ውስጥ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፤ ወንዶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ እኛ ሴቶቹ ዝም ብለን እንቀቀላለን። ፊልሙ የወታደር ኮሜዲ ነው። ለምንም የማይሆኑ አሥራ ሁለት ምልምሎች ከመኪና ይወርዳሉ። አንዱ የሚበቃው ቀበቶ አጥቷል፤ አንዱ ግራና ቀኙን አይለይም፤ አንዱ ስልክ ሲደወልለት ቀጥ ብሎ ለስልኩ ሰላምታ ይሰጣል። እነሱን ወታደር ሊያደርግ የተመደበ አንድ ሃምሳ አለቃ አለ፤ የአንገቱ ሥር ገመድ አክሎ፣ ፊልሙ ከተጀመረበት ደቂቃ አንስቶ ይጮኻል። እንግሊዝኛው ግማሹ አልገባንም፤ ጩኸት ግን ተርጓሚ አይፈልግም። እሱ በጮኸ ቁጥር እኛ እንስቃለን። ጭቃ ውስጥ የወደቀ ጊዜ ቆርቆሮው በጭብጨባ ሊነቀል ደርሶ ነበር። ምልምሎቹ ለመጨረሻው ሰልፍ ተደርድረው ሃምሳ አለቃው "ወደፊት" ሊል አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ። ጠበቅን፣ አልመጣም፤ ወደየቤታችን ሄድን። ከዚያ ወዲህ የፊልሙን መጨረሻ ሳላውቅ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ፀጉሬም ሸበተ፤ ምንም አልጎደለብኝም ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ጉዳዩ አያስቅም።

ባለፈው ክረምት ለክትባት ወደ ማዶ ተሻግሬ ሳለሁ አንዲት እናት ምጥ ያዛት። ምጡ ጥሩ አልነበረም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሻገር ነበረባት። ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን መሻገሪያ ውሃ ስለበላው ቤተሰቦቿ ተሸክመው ወደ ላይኛው አመጧት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። የጤና ጣቢያችንን ሞተር ጀልባ የሚነዳው ኦጁሉ ይባላል፤ ዕድሜው ከኔ ዕድሜ ቢበልጥ በጥቂት ነው። በስልክ ደወለልኝ። "ሲስተር፣ ወደ ላይኛው ልምጣ?" አለ። አንድ እጄን እናትየዋ ይዛዋለች፤ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ወትፌ አዎ አልኩት። ወዲያው ኔትወርክ ሄደ። ጠበቅን። ጠበቅን። ጀልባው እታች፣ ውሃ የዋጠው መሻገሪያ አጠገብ ቆሞ እኛን ይጠብቅ ነበር። ስንገናኝ ረፍዶ ነበር። እናትየዋን አተረፍናት፤ ሕፃኑን አላተረፍነውም።

"ና አልኩህ እኮ" አልኩት በማግስቱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"አላልሽም ሲስተር። ዝም አልሽ።"

ደሜ ፈላ። ጥፋቱ ሳያንስ ውሸቱ ተጨመረ ብዬ ወላሂ ብዬ ማልኩ፤ አዎ ብየዋለሁ ብዬ። ያ አልበቃ ብሎኝ ኦጁሉ ከጀልባው እንዲነሳ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ቸልተኝነት" የሚለው ቃል በየአንቀጹ ነበረበት። ኃላፊያችን አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "የእጅ ሬዲዮ ሊሰጠን ነው" አለኝ። "የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ሠራተኞቹን አንቺ ታሠለጥኛለሽ። ከዚያ ከክልል ገምጋሚ ይመጣል። ኦጁሉ ፈተናውን ካላለፈ በደብዳቤሽ መሠረት ይነሳል።" ሰባት ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ቆርጬ ነበር። በዚህ ክረምት ወንዝ ዳር የምትጠብቅ እናት አትኖርም፤ ወይ ኦጁሉን ወታደር አደርገዋለሁ፣ ወይ ይነሳል።

ሬዲዮዎቹ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ጠርዛቸው የተላላጠ፣ ግን ድምፃቸው ጤነኛ ነበሩ። ስምንት ሰልጣኞች ሰበሰብኩ፤ ጥበቃዎች፣ የአምቡላንስ ሾፌሮች፣ ኦጁሉ፣ እንዲሁም ከማዶ ጤና ኬላ ኛዳክ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ኛዳክ ተቀምጣ እኔ ስቆም ዓይን ለዓይን እንተያያለን፤ ቁመቷን ከዚህ ገምቱ። ሕጉን አስተማርኩ። ስምህን ተናገር፣ ቦታህን ተናገር፣ ችግሩን ተናገር፣ መጨረስህ እንዲታወቅ ኦቨር በል። ከዚህ የሚቀል ነገር ምን አለ?

የኦጁሉ ተራ ደረሰ። ቁልፉን ተጫነ። "ሲስተር፣ ደህና አደርሽ?" አለ። ጠበቀ። "እንቅልፍ ደህና ነበር?" ጠበቀ። "አባትሽ ደህና ናቸው? በቆሎው እንዴት ሆነ? አለሽ?"

"ኦጁሉ፣ ሰው ምጥ ላይ ሆኖ ስለ በቆሎ ይጠየቃል?"

"ሳልጠይቅሽ እንዴት አውቃለሁ?" አለኝ ረጋ ብሎ።

ይኸው በቃ፣ ሰውየው አይገባውም ብዬ ደመደምኩ። በየቀኑ አስደገምኩት፣ በየቀኑ በቆሎው ተጠየቀ፣ በየቀኑ ጮህኩ። የልቤን ልናገር ካልኩ ደግሞ ችግሩ የቋንቋ ነው ብዬ አምን ነበር። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በአማርኛ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ኦጁሉ አኙዋክኛውን ይዞ፣ ኑዌርኛውን ጨምሮ፣ አማርኛን በሦስተኛነት የተማረ ነው። እሱ ሦስት ቋንቋ ሲናገር እኔ አንድ ብቻ ስናገር፣ የቋንቋ ችግር ያለበት እሱ ሆኖ ታየኝ። እንዲህ ያለውን ሒሳብ እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች በጣም እንችልበታለን።

በዚህ መሃል ነው ያ ፊልም ትዝ ያለኝ። ጎረቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ያራግፋል፤ ከሻንጣ በተረፈው ጊዜ የድሮ ፊልም ይሰበስባል፤ ስነግረው ገና ሳልጨርስ በፍላሽ አመጣልኝ። ሰልጣኞቼ ትንሽ ይሳቁ፣ እግረ መንገዳቸውንም ለምንም የማይሆን ሰው በሥርዓት እንዴት ሰው እንደሚሆን ይዩ ብዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት የጤና ጣቢያውን አዳራሽ መስኮት በአንሶላ ጋርጄ ከፈትኩላቸው።

ምልምሎቹ ወረዱ። ቀበቶ ያጣው መጣ፤ አልሳቅሁም። እንዲህ ያለ ሰው ሲመዘገብ ማን አየው አልኩ። ግራና ቀኙን የማይለየው መጣ፤ ጭራሽ አንጀቴ አረረ። ይህ ሰው ነገ ጠመንጃ ሊይዝ አይደል? ሃምሳ አለቃው ሲጮህ ራሴን በአዎንታ እየነቀነቅሁ አገኘሁት። ልክ ነው። ምን ያድርግ? ስንቴ ይንገራቸው? ጭቃ ውስጥ ሲወድቅማ ደንግጬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ያኔ ከመላው ቪዲዮ ቤት ጋር ያጨበጨብኩበት ሰው አሁን ዘመዴ ሆኖ ተገኘ።

ሰልጣኞቼ ግን ይስቃሉ፣ ያውም በእሱ። ኛዳክ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ የማውቀውን ሰው ይመስላል።"

"ማንን?"

"ልናገር?"

"ተይው" አልኳት። ከኋላ ያሉት ሰምተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኦጁሉ ብቻ አልሳቀም። አገጩን በእጁ ደግፎ ሲያይ ቆይቶ "ለምን ይጮኻል? አጠገቡ ናቸው እኮ" አለ። ሰልፉ ላይ ልንደርስ ስንል መብራት ጠፋ። ለሁለተኛ ጊዜ መጨረሻውን ሳላይ ቀረሁ። የጋምቤላ መብራት ይህን ፊልም የጠላበት ምክንያት ይኖረዋል አልኩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ገምጋሚው ቆብ ያደረገ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። እኔ ጤና ጣቢያው ግቢ ማንጎው ሥር ሬዲዮዬን ይዤ፣ እሱ ሌላ ሬዲዮ ይዞ አጠገቤ ቆመ። ኛዳክ ማዶ፣ ላይኛው መሻገሪያ ላይ፣ ምጥ እንደያዛት ሆና ትጠብቃለች። ኦጁሉ ጀልባው ላይ ነው፤ ዛፉ ስለሚጋርደው አናየውም፣ ሞተሩን ግን እንሰማለን። የቱ መሻገሪያ እንደሆነ እኔን ጠይቆ መሄድ አለበት፤ ፈተናው ይኸው ነው።

ሬዲዮው ተከፈተ። "ኦጁሉ ነኝ። ጀልባ ላይ ነኝ። ሕመምተኛ አለ። ወደ ላይኛው መሻገሪያ ልሂድ? ኦቨር።"

ልቤ ዘለለች። ስም፣ ቦታ፣ ችግር፣ ኦቨር፤ በቆሎ የሚባል ነገር የለበትም። ወታደር አደረግሁት አልኩ። ቁልፉን ተጭኜ መለስኩለት። ሞተሩ ግን እዚያው ቆሞ ይንደቀደቃል።

"ሲስተር፣ ይመልሱለት እንጂ" አለ ገምጋሚው።

"መለስኩለት።"

"እኔ ምንም አልሰማሁም።" ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

"ሲስተር፣ አለሽ?" አለ ኦጁሉ።

እንደገና ተጭኜ መለስኩ። ገምጋሚው አሁን ሬዲዮውን ትቶ አፌን ያይ ጀመር። "እንደዚህ ነው የሚመልሱት?" አለና ትንፋሹን ሽው አድርጎ ወደ ውስጥ ሳበው።

እናንተም ታውቋታላችሁ፤ ምናልባት አሁን ይህን ስታነቡ አድርጋችኋታል። የኛ ሰው "አዎ" ለማለት ሁልጊዜ ምላሱን አያስቸግርም፤ ቅንድቡን ከፍ፣ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፤ አለቀ። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ከዚያ የበለጠ አዎ የለም። ማዶ ላለ ሰው ግን ምንም ነው። እኔ፣ አሰልጣኟ፣ አማርኛዋ የጠራላት ሲስተር፣ በሬዲዮ ሁለት ጊዜ ተንፍሼ መልስ ሰጠሁ ብዬ ቆሜአለሁ።

ኦጁሉ ያኔ ሕጌን ሁሉ ጣለው። "ሲስተር፣ ደህና አደርሽ?" አለ። ጠበቀ። "እንቅልፍ ደህና ነበር? አባትሽ ደህና ናቸው?"

ይህ ደግሞ በትንፋሽ አይመለስም። "ደህና ናቸው" አልኩ። "ደህና ናቸው ኦጁሉ። አዎ። ወደ ላይኛው ሂድ። ኦቨር።"

ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁ ወደ ላይኛው መሻገሪያ ሲርቅ ሰማነው። ገምጋሚው የሆነ ነገር ጻፈ። እኔ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ስልኩ በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል። እናትየዋ እጄን ይዛ። "ወደ ላይኛው ልምጣ?" አዎ። እንዴት ነበር ያልኩት? የማላውቀው መስሎኝ ትንሽ ታገልኩ፤ ግን አውቀዋለሁ። ሌላ ዓይነት አዎ ኖሮኝ አያውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ ወላሂ እያልኩ የማልኩት በአንዲት ትንፋሽ ነው። ኦጁሉ ዝም አልሽ ያለው እውነቱን ነበር።

ይህ ወግ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለኔ በጣም ይመቸኝ ነበር። ገምጋሚው ሁሉም አልፈዋል አለ፤ ኦጁሉም አለፈ፤ ደብዳቤዬ ዋጋ የለውም፤ ያለፈውን ክረምት የሚያነሳ ሰው የለም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ዝምታዬ አንድ ጊዜ ምን እንዳደረገ ገና አሁን ማወቄ ነበር። ተነሳሁና ገምጋሚውንም ኃላፊያችንንም ተከተሉኝ ብዬ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ኦጁሉ ጀልባውን ግንድ ላይ ያስራል። ኛዳክ ከጀልባው ወርዳ ቀሚሷን ትጨምቃለች።

"ኦጁሉ፣ ባለፈው ክረምት መልስ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ገመዱን ማሰሩን አላቆመም። "ነግሬሽ ነበር" አለ።

"ነግረኸኝ ነበር። አላመንኩህም። ከጀልባው እንድትነሳም ጽፌብሃለሁ።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ይህን እያወቅህ ነው በየጠዋቱ ስለ አባቴ የምትጠይቀኝ?"

ያን ጊዜ ቀና አለ። "ከዚያ ቀን በኋላ ድምፅ ሳልሰማ ሞተር አላስነሳም ብዬ ለራሴ ነገርኩ" አለ። "አንቺ ስም በል፣ ቦታ በል፣ ችግር በል አልሽ። ጥሩ ነው። ግን ማዶ ሰው መኖሩን የሚጠይቅ የለበትም። ስለ በቆሎው የምጠይቀው ለዚያ ነው። ስለ በቆሎ ሲጠየቅ ሰው ዝም አይልም።"

ይቅርታ ጠየቅሁት። "እሺ" አለ። ያ እሺ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ደጋግሜ የመጠየቅ መብትም የለኝም። ደብዳቤዬን ከመሳቢያው አስወጥቼ በምትኩ አጭር ጻፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር የሚል ነው፤ ስሜንም ከነአባቴ ስም ከሥሩ አደረግሁበት። በዚያው ሳምንት ኛዳክን ይዤ ማዶ ተሻገርኩና እናትየዋ ቤት ሄድኩ። እዚያ ያልኩትና የተባልኩት ወግ አይሆንም፤ መሄዴን ብቻ እወቁልኝ።

ሥልጠናው ግን አላለቀም። ከደጋ የመጣን ሠራተኞች በሙሉ፣ ፋርማሲስቱም፣ መዝገብ ቤቷም፣ ላብራቶሪውም፣ ድጋሚ እንድንሰለጥን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ አሰልጣኟ ኛዳክ ሆነች። ሌላ ክፍል ገብታ በሯን ዘግታ በሬዲዮ ትጠይቀናለች፤ እኛ ተሰልፈን በየተራ አዎ እንላለን። ፋርማሲስቱ ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ወደቀ። መዝገብ ቤቷ ቅንድቧን እስከ ፀጉሯ ድረስ ከፍ አድርጋ መልስ ሰጥቻለሁ ብላ ተከራከረች። የኔ ተራ ሲደርስ ኛዳክ ከግድግዳው ወዲያ "ሲስተር፣ አልሰማሁም። ድገሚ" አለችኝ። ደገምኩ። "አልሰማሁም።" ደገምኩ። ሰምታለች፤ በደንብ ሰምታለች፤ ግን የዚያ ሁሉ ጩኸቴ ዕዳ ነበረብኝና ዝም ብዬ ከፈልኩ። በሕጉ ላይም ከሁሉ በፊት የሚባል አንድ ነገር ጨመርን። መጀመሪያ ሰላም በል፣ የሰው ድምፅ እስክትሰማም ጠብቅ።

የፊልሙንም መጨረሻ አየሁት፤ አንድ ከሰዓት፣ ቤቴ፣ ለብቻዬ። ምልምሎቹ ሰልፉን አሳመሩት፤ ግራና ቀኙን የማይለየውም አልተሳሳተም። ሃምሳ አለቃው ፊቱን አዙሮ ሰው ሳያየው ዓይኑን ጠረገ። አብሬው ላለቅስ ስል ሌላ መኪና መጥቶ ቆመ፤ አሥራ ሁለት ሌሎች ወረዱ፣ የአንዱ ቦት ጫማ ግራው በቀኝ እግሩ ነው። የሃምሳ አለቃው የአንገት ሥር ገና ካሁኑ ገመድ ማከል ጀመረ። ፊልሙ አለቀ።

አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ ወንዙም ሞልቷል። በዚህ ወር ሁለት እናቶች በላይኛው መሻገሪያ ተሻግረው በሰላም ወልደዋል። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮው እንደተለመደው ተከፈተ። ደህና ማደሬን፣ እንቅልፌን፣ አባቴን፣ በቆሎውን አንድ በአንድ ተጠየቅሁ፤ አንድ በአንድ መለስኩ። ከዚያ ኦጁሉ ትንሽ አሰበና "ሲስተር፣ ያ ሰውዬ እስከ መጨረሻው ጮኸ?" አለኝ።

ቁልፉን ተጫንኩና መለስኩለት።

"ሲስተር፣ አለሽ?"

"አዎ" አልኩት። "አዎ፣ እስከ መጨረሻው ጮኸ።" ይህን ያልኩት ማንጎው ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ ተነስተው እስኪበሩ ድረስ ጮኼ ነው።